«ተራ የፊደል ግድፈት» ስለሚለው በራሪ ወረቀት

የማራኪው፦
ጎንደር ፒያሳ ለተማሪዎች የተበተነውን በራሪ ወረቀት ያያችሁ አላችሁ? «በዲኤንኤ ላይ የሚደርስ ትንሽ ለውጥ ተራ የፊደል ግድፈት ነው፤ ሰውንና ቺምፓንዚን የለያዩት ትልልቆቹ ለውጦች ናቸው» ይላል። ልጆቹ ይህን ሸምድደው ፈተና ሊቀመጡ ነው። የጻፈው ሰው እዚሁ መሃላችን እንዳለ አውቃለሁ፤ «ተራ» ምን ማለት እንደሆነ ያስረዳን።

አዘዞ፦
እኔ ነኝ የጻፍኩት፤ አልደበቅም። አንድ ልጅ ሲወለድ ከእናቱም ከአባቱም ያልወረሳቸውን ከ60 እስከ 70 የሚሆኑ አዳዲስ የነጠላ ፊደል ለውጦች ይዞ ነው። ከሁለቱ ወላጆች የመጣው ሲደመር 6 ቢሊዮን ፊደል ነው። ከዚያ ውስጥ ፕሮቲን የሚጻፍበት 1.5 በመቶ ገደማ ብቻ ስለሆነ፣ ከ60ዎቹ እዚያ የሚያርፈው አንድ ቢሆን ነው። ጃፓናዊው የዝግመተ ለውጥ ተመራማሪ ኪሙራ እ.ኤ.አ. በ1968 ያነሳው ነገር ይኸው ነው፤ አብዛኛው ለውጥ ሳይጠቅም ሳይጎዳ በዕጣ ይስፋፋል ወይም ይጠፋል። ይህን ተራ ካላልኩ ምን ልበለው?

የማራኪው፦
«ተራ» ስትለው ልጁ የሚገባው «የትም የሚወድቅ» ተብሎ ነው። የትም አይወድቅም! የዲኤንኤ ፊደላት አራት ናቸው፤ ከሁለቱ ፈትሎች ኤ ከቲ፣ ሲ ከጂ ትይዩ ይጣመራሉ። በአንዱ ፈትል ላይ ሲ ከጂ ፊት ስትቆም ብዙውን ጊዜ ሜቲል የሚባል ትንሽ ኬሚካል ይለጠፍባታል፤ እንዲህ ያለችው ሲ ከሌላው ቦታ 10 እጥፍ ገደማ ቶሎ ትቀየራለች። በዚህ የተነሳ ሲና ጂ ተከታትለው የሚገኙት በስሌት ከሚጠበቀው አንድ አምስተኛ ያህል ብቻ ነው። የቀሩት ባለፉት ዘመናት ተበልተው አልቀዋል። ጂኖሙ፣ ማለትም ሙሉው የዲኤንኤ ጽሑፍ፣ እንዲህ ተቀርጾ እያየነው ተራ እንበለው?

እትዬ፦
ምክንያቱንም ጨምርበት እንጂ ልጄ። ሜቲል የሌለባት ሲ አሚን የሚባለውን ቁራጯን ስታጣ ዩራሲል የሚባል ሌላ ፊደል ትሆናለች። ዩራሲል ዲኤንኤ ውስጥ ባዕድ ስለሆነ ለቃሚው ኢንዛይም ወዲያው ያውቀዋል፤ ነቅሎ ይጥለዋል። ሜቲል ያለባት ግን አሚኗን ስታጣ የምትሆነው ቲ ነው። ቲ የቤት ልጅ ናት፤ ጥፋቷ ከጂ ጋር መግጠሟ ብቻ ነው። ጥገናው ቅጂው ከመጀመሩ በፊት ካልደረሰ፣ ቲ ከኤ ጋር ተጣምራ ትጸናለች። ከዚያ ወዲያ ስህተት መሆኗን የሚለይ የለም።

ቁም ጸሐፊ፦
እኔ «ግድፈት» የሚለውን ቃል እከላከላለሁ፤ ችግሩ «ተራ» ላይ ነው። ብራና ሲገለበጥ «ወይቤ» የሚለው ቃል በአንድ ገጽ ሦስት ጊዜ ከመጣ፣ ዓይን ከመጀመሪያው ወደ ሁለተኛው ይዘልና መሃል ያለው መስመር ይቀራል። አለዚያም ያው መስመር ሁለት ጊዜ ይጻፋል። ግድፈት ድግግሞሽ ባለበት ይበዛል፤ ዲኤንኤም እንደዚያው መሰለኝ።

እትዬ፦
ልክ ነህ፤ መንሸራተት የምንለው እሱ ነው። ኤ ኤ ኤ ኤ እያለ አሥር ጊዜ የሚደጋገም ቦታ ላይ ዲኤንኤን የሚገለብጠው ኢንዛይም፣ ፖሊመሬዝ፣ ለቅጽበት ይቆማል፣ የአዲሱ ፈትል ጫፍ ይላቀቃል፣ ተመልሶ ሲገጥም በአንድ ፊደል ይዛነፋል። ሁሉም አንድ ዓይነት ስለሆነ መዛነፉ አይታወቅም። ትርፏ ፊደል በአዲሱ ፈትል ላይ ጎብጣ ከቀረች ቅጂው በአንድ ይረዝማል፤ በአሮጌው ላይ ከጎበጠች በአንድ ያጥራል። ፖሊመሬዝ ብቻውን ከ100 ሺህ ፊደል አንድ ገደማ ይስታል፤ የራሱ አራሚና ከኋላ የሚከተለው ጥገና ሲደመሩ ከቢሊዮን አንድ ገደማ ያደርሱታል። ድግግሞሹ ሲረዝም ግን ጉብታው ከፈትሉ ጫፍ ርቆ ይቀመጣል፤ አራሚው የሚነካው ጫፉን ብቻ ስለሆነ አያገኘውም። ሸክሙ ሁሉ በኋለኛው ጥገና ላይ ይወድቃል።

አዘዞ፦
ምሳሌው ያምራል፤ ግን ደብተራ ትርጉሙን እያወቀ ነው የሚገለብጠው። ፖሊመሬዝ ትርጉም አያውቅም።

ቁም ጸሐፊ፦
ደብተራና ቁም ጸሐፊ አንድ ናቸው ያለህ ማነው? ምሥጢሩን ሳያውቅ ፊደሉን ብቻ አሳምሮ የሚጥል ቁም ጸሐፊ ሞልቷል። ጎንደር ተቀምጦ ይህን መሳት አይገባም።

አዘዞ፦
እሺ፣ ተቀብያለሁ። ወደ ጉዳዩ እንመለስ። እ.ኤ.አ. በ2005 የወጣው የቺምፓንዚ ጂኖም ከሰው ጋር ሲተያይ 35 ሚሊዮን የነጠላ ፊደል ልዩነት አለው፤ 1.23 በመቶ ማለት ነው። ጭማሪና ጉድለቱ 5 ሚሊዮን ነው። ከእነዚህ ከ80 ፊደል የሚበልጡት 70 ሺህ ገደማ ብቻ ሲሆኑ፣ ከተነካው ፊደል 73 በመቶውን የያዙት እነሱ ናቸው። «ትልልቆቹ» ያልኩት ይህን ይዤ ነው።

የማራኪው፦
ከዚያው ጥናት ግማሹን ብቻ አነበብክልን! ከጭማሪና ጉድለቶቹ 45 በመቶው የአንድ ፊደል ናቸው፤ 96 በመቶው ከ20 ፊደል በታች። ደግሞስ ርዝመት ብቻውን ምን ይሠራል? ኤምዋይኤች16 የሚባለው የመንጋጋ ጡንቻ ጂን በሰው ላይ የሞተው ሁለት ፊደል ስለጎደለው ነው። ንባቡ ሦስት ሦስት ፊደል እየቆጠረ ስለሚሄድ፣ ሁለት ሲጎድል ከዚያ ወዲያ ያለው ሁሉ ይፈርሳል። ሦስት ቢጎድል ኖሮ ከፕሮቲኑ ጡቦች አንዱን፣ አንድ አሚኖ አሲድ፣ አጥቶ ሊቀጥል ይችል ነበር።

ደባርቄው፦
እዚሁ አጠገባችን ያለውን ጭላዳ ትታችሁ ቺምፓንዚ ፍለጋ መሄዳችሁ ይገርማል። ወረቀቱ ላይም ሥዕሉ የጭላዳ ሆኖ ሳለ ሥሩ «ዝንጀሮ» ተብሎ ተጽፏል፤ ይታረም። የጭላዳ ጂኖም ከተነበበ በኋላ የታወቀውን ልንገራችሁ። ኦክስጅን ተሸካሚው ሄሞግሎቢን አልፋ ሰንሰለት ላይ ጭላዳ ብቻ ያለው የአሚኖ አሲድ ለውጥ ተገኝቷል። ሁሉም የደጋው ምሥጢር ይኸው ነው ብሎ ጠብቆ ነበር። ሲለካ ግን ኦክስጅን አያያዙ ከቆላ ዘመዶቹ ብዙም አይለይም።

አዘዞ፦
እኔስ ምን አልኩ! ፊደሉ ተቀየረ፣ ሥራው ግን እንዳለ ነው። በሌላ በኩል የሰሜን ተራሮች ጭላዳ አንዱ ክሮሞዞሙ ለሁለት ተከፍሎ 44 ሆኗል፤ ሌላው ጭላዳ 42 ነው። መዋለድን ሊያውክ የሚችለው ይህ ነው። ትልቅ ለውጥ ማለት እንዲህ ነው።

የማራኪው፦
«ሊያውክ የሚችል» እና «ያወከ» አንድ አይደለም፤ የራስህን ቃል አጢን። ትንሿ ምን እንደምትሠራ ማየት ከፈለግህ መተማ ውረድ። ዳፊ በሚባለው ጂን ማብሪያ፣ ማለትም ጂኑ የት እንደሚሠራ በሚወስነው የዲኤንኤ ክፍል፣ ላይ አንዲት ቲ ወደ ሲ ትቀየራለች። የፕሮቲኑ ጽሑፍ አልተነካም፤ በሌሎች ሕዋሳት ላይ እንደወትሮው ይሠራል። ጂኑን የሚያበራው ጋታ-1 የተባለ ፕሮቲን የሚይዘው ቦታ ስለጠፋ ግን በቀይ የደም ሕዋስ ላይ አይበራም። የቫይቫክስ ወባ መግቢያ በር ደግሞ እሱ ነው፤ በአንዲት ፊደል ተዘጋ። በኬንያ አምቦሴሊ ዝንጀሮዎችም የዚሁ ጂን ማብሪያ አካባቢ ያለ ልዩነት የወባ ዘመድ በሆነ ተሐዋሲ ከመያዝ ጋር ተያይዞ ተገኝቷል። አንተ የምትቆጥረው 1.5 በመቶ ማብሪያዎቹን አይጨምርም፤ ስህተትህ እዚያ ላይ ነው።

አዘዞ፦
«ተዘጋ» አትበል። በአገራችን ዳፊ የሌላቸው ሰዎችም በቫይቫክስ ሲያዙ ታይተዋል።

እትዬ፦
ጠበበ ቢል ይሻላል፤ እዚህ ላይ አዘዞ ልክ ነው። ማብሪያው አለመቆጠሩ ላይ ግን የማራኪው ልክ ነው፤ አዘዞ አልመለሰለትም።

የማራኪው፦
ጠበበ፤ ይሁን። የአንዲት ፊደል ሥራ መሆኑን ግን ማን ይክዳል? «ተራ» የሚለው ይውጣ፤ 73ቱ ሲጻፍም 96ቱ አብሮ ይጻፍ።

አዘዞ፦
«ተራ» የሚለውን አወጣለሁ። «ትልልቆቹ ናቸው» የሚለውን አላወጣም።

የማራኪው፦
እንግዲያው ያው ነው፤ ቃሉን ቀይረህ ሐሳቡን አስቀመጥከው።

ደባርቄው፦
44 የሚለውን ከጻፋችሁ «የሰሜን ተራሮች ጭላዳ» በሉ፤ ሁሉም ጭላዳ 44 አይደለም። የሥዕሉንም ስም አትርሱ።