ነፍሰ ጡር ቅባት ብትተው ምን ይደርሳል?

ጥያቄ፦ ባሕር ዳር የምትኖረው የ6 ወር ነፍሰ ጡር እህቴ ክብደት እንዳይጨምርባት ብላ ዘይትና ቅቤ ፈጽማ ትታለች። ይህ እርሷንና ፅንሱን ይጎዳ ይሆን?

መልስ፦ አዎን፣ ሊጎዳ ይችላል። ቫይታሚን ኤ፣ ዲ፣ ኢ እና ኬ በሚገባ ወደ ሰውነት የሚገቡት ከቅባት ጋር ሲሆን፣ በመጨረሻዎቹ 3 ወራት በፍጥነት የሚያድገው የፅንሱ አንጎል የሚያስፈልገውን ዲኤችኤ የተባለ የኦሜጋ 3 ቅባት የሚያገኘው ከእናቱ ነው፤ በምግቧ ካላገኘችም ከራሷ ክምችት ይወስዳል። የኦሜጋ 3 ማነስ ያለጊዜው ከመውለድ ጋርም ይያያዛል።

ሌላ መልስ፦ የጣና ዓሣ በደጃችሁ ነውና ቆሮሶ በደንብ አብስላችሁ ስጧት፤ ጥሬው ግን ይቅር። በጾም ተልባ ይረዳል፣ ሆኖም ሰውነት ወደ ዲኤችኤ የሚለውጠው ጥቂቱን ብቻ ነው።

ጠያቂ፦ እግዚአብሔር ይስጥልኝ፤ ለክትትል ስትሄድ አብሬያት ሄጄ አዋላጇንም እጠይቃለሁ።