ለባሕር ዳርና ለዘጌ ተማሪዎች የሞባይል መተግበሪያ ሥልጠና፦ የዕቅድ ውይይት

ሰብሳቢ፦
የተከበራችሁ የማኅበራችን አባላት፣ ለድጋፍ የምናቀርበው ዕቅድ የመጀመሪያ ረቂቅ ይህ ነው። ከ9ኛ እስከ 11ኛ ክፍል የሚማሩ 40 ተማሪዎችን በሐምሌና በነሐሴ እናሠለጥናለን። 20 ላፕቶፕ ይገዛል። ትምህርቱ ኮትሊን በሚባለው የፕሮግራም ቋንቋ፣ የአንድሮይድ ስልክ መተግበሪያ በሚጻፍበት በአንድሮይድ ስቱዲዮ ሶፍትዌር ይሰጣል። በመጨረሻም እያንዳንዱ ቡድን የሠራውን መተግበሪያ የአንድሮይድ መተግበሪያዎች መደብር በሆነው ጉግል ፕሌይ ላይ ያወጣል። ያልተዋጠላችሁን ሳትሸሽጉ ተናገሩ፤ ገንዘብ ሰጪ ፊት ከምናፍር እዚሁ ብንጨቃጨቅ ይሻላል።

ፕሮግራመሩ አባል፦
ኮትሊን እንጀራዬ ስለሆነ በክፉ አላነሣውም። ጉግል በ2019 እ.ኤ.አ. ለአንድሮይድ ተመራጭ ቋንቋ ካደረገው በኋላ ባለሙያው ሁሉ ወደዚያ ሄዷል። ለጀማሪ ተማሪ ግን አንድሮይድ ስቱዲዮ ከባድ ነው። ቢያንስ 8 ጊጋባይት ራም (የኮምፒውተሩ የሥራ ማኅደረ ትውስታ) ይፈልጋል፤ አዲስ ፕሮጀክት ሲከፈት ደግሞ መጀመሪያ የሚያወርደው በመቶዎች የሚቆጠር ሜጋባይት አለ። 20 ኮምፒውተር በአንድ መስመር ይህን ሲያወርድ የመጀመሪያው ሳምንት በመጠበቅ ያልቃል፤ ልጆቹም በሁለተኛው ሳምንት አይመለሱም።

እኔ የምለው በአፕ ኢንቬንተር እንጀምር ነው። ጉግል ጀምሮት በኋላ የአሜሪካው ኤምአይቲ ዩኒቨርሲቲ የተረከበው መተግበሪያ መሥሪያ ነው፤ ተማሪው ትእዛዞቹን እንደ ብሎኬት እየደረደረ ይሠራል፣ የሠራውንም ወዲያው ስልኩ ላይ ያየዋል። ምንጭ ኮዱ ክፍት ስለሆነ አንድ ኮምፒውተር ላይ ጭነን ለክፍሉ ያለ ኢንተርኔት በውስጥ መስመር ማዳረስ ይቻላል፤ ስልኩን በዩኤስቢ ገመድ እናገናኛለን። ተከላውን እኔ እወስዳለሁ። ከ2015 ዓ.ም. ክረምት ጀምሮ የሞባይል ኢንተርኔት ለወራት ተቋርጦ የከረመበት ከተማ ውስጥ ተቀምጠን «መስመር ይኖራል» ብለን ዕቅድ ብንጽፍ ራሳችንን ማታለል ነው።

ሒሳብ ያዥ፦
ጉግል ፕሌይ የሚለው መስመር ይሰረዝልኝ። መመዝገቢያው 25 ዶላር ነው፤ ብሩ ብዙ ባይሆንም በውጭ ምንዛሪ ካርድ ነው የሚከፈለው። ባለመለያው ዕድሜው 18 የሞላ መሆን አለበት፤ ልጆቻችን አልደረሱም። በዚያ ላይ አዲስ የግል መለያ የከፈተ ሰው መተግበሪያውን በ12 ሞካሪዎች ለ14 ተከታታይ ቀናት ሳያስፈትሽ ለሕዝብ እንዲያወጣ አይፈቀድለትም። የነሐሴን ግማሽ በዚህ ልንጨርስ ነው? የመጫኛ ፋይሉን ከስልክ ወደ ስልክ ይላላኩት፤ ለጓደኛ መላክን ከእኛ አይማሩም።

ስለ ላፕቶፑም ልናገር። ግዢው በጀታችንን በሙሉ ይውጠዋል። ሥልጠናው ሲያበቃ በማን ፊርማ፣ በማን መጋዘን ይቀመጣል? የትምህርት ቤቶቹ የኮምፒውተር ክፍሎች ክረምቱን ተቆልፈው ነው የሚከርሙት። ግዢ ከመጠየቃችን በፊት ቁልፍ እንጠይቅ።

የዘጌው መምህር፦
ሒሳብ ያዣችን እውነት ተናገሩ። እኔ የምጨምረው ስለ ስልክም ነው። «ተማሪው የራሱን ስልክ ይዞ ይመጣል» ተብሎ ከተጻፈ ከዘጌ የሚመጣልኝ ሰው ጥቂት ነው። በብዙ ቤት ያለው ስልክ የአባት ነው፤ አባትም ይዞት ይወጣል። ጥቂት ያገለገሉ ስልኮች ገዝተን ለሁለት ተማሪ አንድ ብናደርግ ከላፕቶፑ በብዙ ይረክሳል።

ሰብሳቢ፣ ከፈቀዱልኝ ስለ ትምህርቱም አንድ ነገር ላንሣ። የሒሳብ መምህር ነኝና ልጆቹ የት ላይ እንደሚደናቀፉ አውቃለሁ። የመጀመሪያው ሥራቸው ስልኩ የሚያሳየውን ሰዓት ወደ እኛ ሰዓት አቆጣጠር የሚቀይር መተግበሪያ ይሁን። ሁሉም ተማሪ «ስድስት ቀንስ» ብሎ ይጀምራል። ዘጠኝ ሲሰጠው ሦስት ያወጣል፣ ክፍሉ ይደሰታል። ሦስት ሲሰጠው ከዜሮ በታች ይወርዳል። «እንግዲያው 12 ጨምርበት» ይላል አንዱ፤ ዘጠኝ ይወጣል፣ ትክክል ነው። ከዚያ ስድስትን ይሞክራሉ፤ መልሱ ዜሮ ይሆናል፤ ዜሮ ሰዓት የሚባል ደግሞ የለም፣ 12 ሰዓት ነው። «እንዲህ ከሆነ እንዲህ አድርግ» የሚለውን ትእዛዝ እኔ ሰሌዳ ላይ ጽፌ ከማስረዳ ይልቅ ልጁ ራሱ ሲፈልገው ያገኘዋል። ይህ ከተሳካላቸው ቀጣዩ ጳጉሜን ነው፦ ዓመተ ምሕረቱ ለአራት ሲካፈል ሦስት ከተረፈ ስድስት ቀን፣ ካልሆነ አምስት። በ2015 ስድስት ነበረች፤ በ2019ም ስድስት ትሆናለች። አያቶቻቸው ዘመነ ሉቃስ ብለው በቃል የሚያውቁትን ልጆቹ በስልክ ያሰሉታል።

ፕሮግራመሩ አባል፦
መምህር፣ የመጀመሪያውን ሳምንት ጽፈው ጨረሱልኝ። እኔ በአየር ንብረት መረጃ ልጀምር አስቤ ነበር፤ ትቼዋለሁ።

የወላጆች ተወካይ፦
እኔ የማነሣው ደስ አይላችሁ ይሆናል። ትምህርት ቤት ስልክ ይዞ መግባት ክልክል ነው እያለን፣ ማታም ከእጃቸው እየቀማን፣ አሁን «ስልክ ይዛችሁ ተማሩ» ልንል ነው። ወላጅ ምን ብዬ ላሳምን? ሁለተኛ፣ መንግሥት በ2016 ዓ.ም. የአምስት ሚሊዮን ኮደሮች ሥልጠናን ጀምሯል፤ በነፃ ነው፣ የአንድሮይድ ትምህርትም አለው። የእኛ ለምን አስፈለገ?

ፕሮግራመሩ አባል፦
ለሁለተኛው ልመልስ። ያ ሥልጠና በኢንተርኔት፣ በእንግሊዝኛ፣ ለብቻ ተቀምጠው የሚማሩት ነው። ለዩኒቨርሲቲ ተማሪ መልካም ነው፤ ጎበዝ የ11ኛ ክፍል ልጅም ይወጣዋል። ጎኑ ሆኖ የሚያርመው ሰው የሌለው የ9ኛ ክፍል ተማሪ ግን መንገድ ላይ ይቀራል። የእኛ ሥልጠና ወደዚያ መሻገሪያ ነው ብለን እንጻፍ፤ እንወዳደራለን ካልን ማንም አያምነንም።

ሒሳብ ያዥ፦
ለመጀመሪያው ደግሞ መልሱ ስልኮቹ የማኅበሩ መሆናቸው ነው። ጠዋት በፊርማ ይወጣሉ፣ ማታ በፊርማ ይገባሉ። ወደ ቤት አይሄዱም።

የወላጆች ተወካይ፦
እንዲህ ከሆነ አሳምናለሁ። ሴት ልጆች ግማሽ ይሁኑ፤ ክፍለ ጊዜውም ከ10 ሰዓት እንዳያልፍ። ቢመሽ ወላጅ አይልካቸውም፣ ቁጥሩም ወረቀት ላይ ብቻ ይቀራል።

የዘጌው መምህር፦
ስለ ማታ ከተነሣ፣ የእኛ ልጆች በክረምት ባሕር ዳር ተመላልሰው አይችሉትም። ቤት የሚያሳድራቸው ዘመድ ያለው ይመጣል፣ የሌለው ይቀራል። አሠልጣኙ ወደ ዘጌ ቢመጣ ነው የምመርጠው።

ሰብሳቢ፦
እንግዲህ ረቂቁ እንዲህ ይስተካከላል። 24 ተማሪዎች፣ 12 ሴቶችና 12 ወንዶች፤ 16 ባሕር ዳር፣ 8 ዘጌ። ላፕቶፕ ይወጣል፣ በምትኩ 12 ያገለገሉ ስልኮች፣ ገመድና አንድ ራውተር ይገባል። አፕ ኢንቬንተር ለሁሉም፤ ኮትሊን በመስከረም መቀጠል ለሚፈልጉ ብቻ። ጉግል ፕሌይ ተሰርዟል። የአሠልጣኞች አበል ላይ አልተስማማንም፤ እኔ በነፃ ይሁን ከሚሉት ወገን አይደለሁም፣ በነፃ የተጀመረ ነገር በሦስተኛው ሳምንት ሰው ሲያጣ አይቻለሁና። ይህ በቅዳሜው ስብሰባ በድምፅ ይወሰናል። እስከዚያ መምህር የዘጌውን ትምህርት ቤት የኮምፒውተር ክፍል በደብዳቤ ይጠይቁልን፤ ስንቱ እንደሚሠራም በአካል አይተው ቁጥሩን ይላኩልን። ለባሕር ዳሩ ክፍል ደብዳቤውን እኔ እጽፋለሁ።