ዘፈኔን ሰምተው አስተያየት እንዲሰጡኝ መክፈል ነውር ነው?

ዜማ_ፈላጊ፦
ሰላም ጓዶች። አንድ ነገር ውስጤን እየበላኝ ነው። ገና ጀማሪ ነኝ፣ ቤት ውስጥ አራት ዘፈን ቀርጫለሁ። "የኢንዱስትሪው ባለሙያዎች ሰምተው አስተያየት ይሰጡሃል" የሚል አገልግሎት አየሁና ከፈልኩ። ስማቸውን አልጠራም። ከሦስት ቀን በኋላ አራት መስመር መጣልኝ፦ "ድምፅህ ልዩ ነው፣ ጊታሩ ደስ ይላል፣ ከበሮው ግን ትንሽ ይሠራበት።" ዘፈኑ ላይ ጊታር የለም! ከበሮም የለም፣ ፒያኖና የኔ ድምፅ ብቻ ነው። ከሥሩ ደግሞ "አቅም ስላለህ የስድስት ወር የማስተዋወቅ ጥቅላችንን ግዛ" ይላል። ከገንዘቡ በላይ ያናደደኝ፣ ሦስት ቀን ሙሉ ስልኬን በየደቂቃው እያየሁ መጠበቄ ነው። ሥራው ራሱ ነው ነውር ወይስ እኔ የገጠሙኝ ሰዎች?

ሚክሰሩ፦
ወንድሜ፣ ሰው ቁጭ ብሎ እንዲሰማልህ መክፈል ነውር የለውም። እኔ ሚክስ እሠራለሁ፣ ማለትም የተቀረጹ ድምፆችን አመጣጥኜ አዋህዳለሁ፣ ሰው ከፍሎኝ ዘፈኑን አብረን እንሰማለን፣ የምሸጠው ጊዜዬን ነው። ግን የምናገረው ነገር የሚጨበጥ መሆን አለበት። "ሁለተኛው ስንኝ ላይ ቤዙ ድምፅህን ውጦታል፣ መግቢያው ረዝሟል፣ አዝማቹ ጋ እስኪደረስ ሰው ይሰለቻል" ስልህ ቤትህ ገብተህ ታስተካክለዋለህ። "ልዩ ነህ" ማባበያ ነው። እኔን የሚከነክነኝ ፈራጁም ሻጩም አንድ ሰው መሆኑ ነው። ጥቅል ሊሸጥልህ የተቀመጠ ሰው እንዴት አድርጎ "ገና ነህ፣ ገንዘብህን ያዝ" ይልሃል?

የድሮ_ሰሚ፦
እኔ እዛ ማዶ ነበርኩ። እንዲህ ዓይነት ቦታ ለወራት ዘፈን እየሰማሁ አስተያየት ጽፌያለሁ። ክፍያው በዘፈን ብዛት ስለነበር መግቢያውን ትሰማለህ፣ መሃሉን ነካ ነካ ታደርጋለህ፣ ጽፈህ ወደ ቀጣዩ ታልፋለህ። ጠንከር አድርጌ ስጽፍ "ደንበኛ እንዳይሸሽ አለስልሰው" እባል ነበር። አንድ ልጅ ያንኑ ዘፈን ለአምስተኛ ጊዜ ከፍሎ ላከ። የቀድሞ መልሶቹን ከፍቼ ሳያቸው ሁላችንም "ትንሽ ነው የቀረህ" ብለነዋል፣ ምን እንደቀረው ግን አንዳችንም አልነገርነውም። በዚያው ሳምንት ለቀቅኩ። አሁንም ያ ልጅ ትዝ ሲለኝ ያሳፍረኛል።

ቅኝት፦
ሁሉንም በአንድ ዓይን አንይ እንጂ። ግሩቨር ላይ ለምሳሌ (ከፍለህ ዘፈንህን ለባለሙያ የምትልክበት ድረ ገጽ ነው) የሚሰማህን ሰው ራስህ ትመርጣለህ፣ በ7 ቀን መልስ ካልሰጠህ የከፈልክበት ክሬዲት ይመለስልሃል። ለአስተያየት መክፈል ሌላ፣ ዘፈን እንዲጫወትልህ መክፈል ሌላ። አሜሪካ ውስጥ ሬዲዮ ገንዘብ ተቀብሎ ለአድማጭ ሳያሳውቅ ዘፈን ቢያጫውት ከ1960 ጀምሮ በሕግ ያስቀጣል። የሙዚቃ ማዳመጫው ስፖቲፋይም የፕሌይሊስት (የተመረጡ ዘፈኖች ዝርዝር) ቦታ በገንዘብ መግዛትን ይከለክላል። "ይህን ያህል ክፈል፣ ይህን ያህል ሰው ይሰማሃል" ካሉህ ሽሽ፤ በቦት፣ ማለትም ሰው መስሎ በሚያዳምጥ ፕሮግራም፣ የተነፋ ቁጥር ከተነቃበት ዘፈንህ ሊወርድ ይችላል። ለስፖቲፋይ አዘጋጆች ዘፈን ማቅረብ እኮ በነፃ ነው፣ ከመውጣቱ ቢያንስ 7 ቀን ቀድመህ በስፖቲፋይ ፎር አርቲስትስ፣ በአርቲስቶች መገልገያው፣ ትልካለህ።

ዜማ_ፈላጊ፦
እግዜር ይስጥልኝ። ዘፈኔን ስላልሰማችሁት ገንዘቤን መልሱ ብዬ ዛሬውኑ እጽፍላቸዋለሁ። ሚክሰሩ፣ አንዱን ልላክልህ? ከፍዬ ነው። ካልደረሰ ግን አልደረሰም በለኝ።

ሚክሰሩ፦
ላከው። ድምፅህን ለብቻ፣ ፒያኖውን ለብቻ አድርግልኝ።