አባል ሲወድቅ ምን እናድርግ? ለጠቅላላ ጉባኤ የሚቀርብ የጋራ ሐሳብ

ጸሐፊ፦ ሰላም ለሁላችሁ የሳይክል ክለባችን አባላት። ባለፈው ወር ሱሉልታ ቁልቁለት ላይ የደረሰውን ታስታውሳላችሁ። ሚኒባሱ ገፍቶት የወደቀው ወንድማችን አቧራውን አራግፎ ተነሳና «ደህና ነኝ» አለን። ሾፌሩ 1,500 ብር አስጨበጠውና ሄደ። ማታ ማስታወክ ጀመረ፤ በማግስቱ እጁ መሰበሩ ታወቀ። 22 ሆነን ወጥተን ታርጋውን የያዘ አንድ ሰው አልተገኘም። ይህ እንዳይደገም አንድ ገጽ የማይሞላ ደንብ እናዘጋጅ። የእኔ መነሻ፦ በየጉዞው ሁለት ሰው አስቀድሞ ይመደብ፤ አንዱ ከተጎጂው ሳይለይ፣ ሌላው መኪናውንና ወረቀቱን ይከታተል። ጨምሩበት፣ ቀንሱለት።

ነርስ አባል፦ «ደህና ነኝ» የሚለውን ቃል አንመነው። በድንጋጤ ላይ ያለ ሰው ሕመሙ ቶሎ ላይሰማው ይችላል። አንገቱን ወይም ጀርባውን ካመመው፣ እጅ እግሩ ከደነዘዘ፣ ብብቱን ይዛችሁ እንዳታነሱት። ባለበት ጭንቅላቱን በሁለት እጅ ደግፋችሁ አምቡላንስ ጥሩ፤ አዲስ አበባ ውስጥ 939 ወይም የቀይ መስቀሉ 907 ነው። የሚደማውን በንጹሕ ጨርቅ ጫን አድርጋችሁ ያዙ፣ በየደቂቃው እየገለጣችሁ አትዩት።

እኔን የሚያስፈራኝ ግን ከዚያ በኋላ ያለው ሌሊት ነው። ጭንቅላቱን የተመታ ሰው ደጋግሞ ካስታወከ፣ ራስ ምታቱ እየባሰ ከሄደ፣ ንግግሩ ከተምታታ፣ አንዱ የዓይኑ ብሌን ከሌላው ከሰፋ፣ ወይም አልነቃ ካለ፣ እኩለ ሌሊትም ቢሆን ሆስፒታል ይወሰድ። ለሕመሙ ሐኪም እስኪያየው አስፕሪንም አይቡፕሮፌንም አትስጡት፤ የውስጥ መድማት ካለ ያባብሳሉ። የሳይክሉ መሪ ጫፍ ሆዱን የመታው ሰው ደግሞ ላዩ ምንም ሳይመስል ጣፊያው ሊደማ ይችላል። ሆዱ ከጠጠረ ወይም ግራ ትከሻውን ካመመው ቤት አይሂድ። የተላላጠ ቁስል በሳሙናና በብዙ ውኃ ይታጠብ፣ የቴታነስ ክትባትም ይጠየቅ።

አንጋፋ አባል፦ ልጄ፣ የተናገርሽው ሁሉ ልክ ነው። ግን በስብራትና በውልቃት ጊዜ እኛ ያደግነው በወጌሻ እጅ ነው። እኔ ራሴ የወለቀ ትከሻዬን የመለሰልኝ ወጌሻ ነው፣ ዛሬም በእሱው እነዳለሁ። ደንቡ ወጌሻን ከከለከለ ብዙው አባል አይቀበለውም።

ነርስ አባል፦ ጋሼ፣ የእርስዎን ትከሻ የመለሰው ሰው እጁ ይባረክ። ቅር እንዳይልዎት እንጂ እኔ በሥራዬ ያየሁት ሌላ ነው። የ14 ዓመት ልጅ ክንዱ በቀርከሃ ስንጥር ጥብቅ ተደርጎ ታስሮ በአራተኛው ቀን መጣልን። ሲፈታ ጣቶቹ ጠቁረው ነበር። እጁን ማትረፍ አልቻልንም። ስለዚህ «ክልክል ነው» አንበል፤ «ራጅ ሳይነሳ ማንም አይሽ፣ ማንም አይሰር» እንበል። የታሰረ ሰው ጣቱ ከቀዘቀዘ፣ ከደነዘዘ ወይም መልኩ ከተለወጠ ማሰሪያው ወዲያው ይላላና ሐኪም ይየው። ከአውራ ጣት ሥር ያለችው ትንሽ አጥንት ደግሞ ስትሰነጠቅ በመጀመሪያው ራጅ ላትታይ ትችላለች፤ ሕመሙ ካልለቀቀው ከ10 እስከ 14 ቀን ባለው ጊዜ ተመልሶ ይታይ።

አንጋፋ አባል፦ በዚህስ እስማማለሁ። «ራጅ ይቅደም» ብላችሁ ጻፉት።

ጠበቃ አባል፦ ስለ 1,500 ብሩ ልናገር። መንገድ ላይ «በሽማግሌ እንጨርሰው» ሲባል አንጀታችን አይችልም፤ ሾፌሩም እንጀራ ፍለጋ የወጣ ሰው ነው። እርቅን አልቃወምም። የጉዳቱ ልክ ሳይታወቅ ግን በዚያው ቀን ገንዘብ መቀበልም መፈረምም ይቅር። በፍትሐ ብሔር ሕጋችን ቁጥር 2081 የመኪናው ባለቤት ጥፋት ባይሠራም መኪናው ላደረሰው ጉዳት ኃላፊ ነው። በቁጥር 2143 መሠረት ክሱ በ2 ዓመት ውስጥ መቅረብ አለበት። የሦስተኛ ወገን መድን አዋጅ ቁጥር 799/2005 ደግሞ የመኪና አደጋ ተጎጂ አስቸኳይ ሕክምና እንዲያገኝ ደንግጓል፤ ገጭቶ ላመለጠ ወይም መድን ለሌለው መኪና ካሣ የሚከፍል ፈንድም አለ። ይህን የማያውቅ ተጎጂ በሐዘኔታ ገንዘብ ይሸኛል።

ስለዚህ ታርጋው፣ የመድኑ ስቲከርና መኪናው የቆመበት ቦታ በስልክ ይነሳ። ትራፊክ ፖሊስ መጥቶ ፕላን (የአደጋውን ቦታ ንድፍ) እስኪያነሳ መኪናውም ሳይክሉም ካሉበት ባይነቃነቁ ይሻላል። የሕክምና ማስረጃና ደረሰኝ አንድም አይጣል። ሱሉልታ ኦሮሚያ ስለሆነ ጉዳዩ የሚያዘው እዚያው ነው፤ አዲስ አበባ ፖሊስ 991 ደውለን አንጨርሰውም። በዚያ መስመር ስንወጣ አፋን ኦሮሞ የሚናገር አባል ከመካከላችን ይኑር።

ተጎጂው አባል፦ ሁላችሁንም አመሰግናለሁ፣ ሆስፒታል ድረስ ያልመጣ የለም። የከበደኝ ከዚያ በኋላ ነው። ብቻዬን ኮንዶሚኒየም አራተኛ ፎቅ ነው የምኖረው፣ ውኃ ደግሞ ጠፍቶ ነበር። ቀኝ እጄ በጄሶ ታስሮ ጀሪካኑን በግራዬ ተሸክሜ በየወለሉ እያረፍኩ ነበር የምወጣው። ሰው ላስቸግር አልፈለግኩም። የመጀመሪያዎቹን ሁለት ሌሊቶች አንድ አባል አብሮ እንዲያድር በደንቡ ቢጻፍ «አስቸገርኩ» የሚል ስሜት አይኖርም። ሄልሜቴም ስንጥቅ ሳይታይበት ውስጡ ተጨፍልቆ አገኘሁት፤ አንድ ጊዜ የተመታ ሄልሜት ዳግም አይደረግ።

ወጣት አባል፦ እኔ የወደቅሁት ማንም ሳይነካኝ ጎማዬ የፍሳሽ ፍርግርግ ውስጥ ገብቶ ነው። እንዲህ ላለው የማንም መኪና መድን አይደርስልንም። እንደ እድር በወር 100 ብር ብናዋጣስ? ስንወድቅ የተቆለፈ ስልካችንን ሌላ ሰው መክፈት ስለማይችል ደግሞ የቅርብ ዘመድ ስልክ፣ የመድኃኒት አለርጂና የሚወስደውን መድኃኒት የያዘ ካርድ ሁሉም በሄልሜቱ ውስጥ ይያዝ።

አንጋፋ አባል፦ 100 ብር ለተማሪዎቹ ይከብዳል። ለእነሱ 30 ይሁን፣ ጉድለቱን እኛ እንሙላ።

ጸሐፊ፦ ረቂቁን እንዲህ አስተካክዬዋለሁ፦ ሁለት ተመዳቢ፤ በዕለቱ ገንዘብም ፊርማም የለም፤ ራጅ ይቅደም፤ ሁለት ሌሊት አብሮ ማደር፤ ሐኪም ሳይፈቅድ ወደ ሳይክል አለመመለስ፤ መዋጮው 100 እና 30። መዋጮው ላይ ጉባኤው ድምፅ ይስጥ፣ የቀረውን ግን ከመጪው እሑድ ጉዞ እንጀምር። ነርሷ እህታችን የሌሊቱን ምልክቶች በግማሽ ገጽ ጻፊልን። ካርዱን እኔ አሳትማለሁ፤ በየካርዳችሁ ላይ የሚጻፈውን እስከ ዓርብ ላኩልኝ። እሑድ ሰው ቢወድቅ አብሮት የምቆየው እኔ ነኝ፤ መኪናውንና ወረቀቱን የሚከታተል አንድ ሰው እፈልጋለሁ።

ተጎጂው አባል፦ መንዳት ባልችልም በመኪና እከተላችኋለሁ። ታርጋውን እኔ እይዛለሁ።