ሜዲስን ፈልጋ አኔስቴዥያ ለደረሳት እህቴ ምን ልበላት?

የቱሉ ዲምቱዋ፦
ሰላም ቤተሰብ። ታናሽ እህቴ ፍሬሽማን ጨርሳ ሜዲስን ነበር አንደኛ ምርጫዋ፣ በትንሽ ነጥብ አመለጣትና አኔስቴዥያ ደረሳት። ከመጣች አራት ቀኗ ነው፣ ኮንዶሚኒየሙ በረንዳ ላይ ኩርምት ብላ እህል በወጉ አልቀመሰችም፣ "ዕድሜ ልኬን ማደንዘዣ ስወጋ ልኖር ነው" ነው የምትለው። ሙያውን የምታውቁ እስቲ ንገሩኝ፣ ለማጽናናት ብላችሁ ግን እንዳትዋሹኝ።

ሚድዋይፍ ከኮዬ ፈጬ፦
አይዞሽ እህቴ። ቤታችሁ ሕፃን ካለ የወሊድ ወረቀቱን አሳያት፣ "አፕጋር" የሚል ቁጥር አለ። ያንን ያወጣችው ቨርጂኒያ አፕጋር የምትባል አሜሪካዊት የአኔስቴዥያ ሐኪም ናት። ልጁ በተወለደ በ1 እና በ5 ደቂቃ የልብ ምቱን፣ ትንፋሹን፣ የጡንቻውን ጥንካሬ፣ ሲነካ የሚሰጠውን ምላሽና ቀለሙን እናያለን፣ ለእያንዳንዱ ከ0 እስከ 2፣ ሙሉው 10 ነው። በቀደም ሌሊት አንዱ ዝልፍልፍ ብሎ ድምፅ ሳያሰማ ወጣብኝ፣ ቁጥር ምን ይጠበቃል ወዲያው በፎጣ እያሸሁ በአምቡ ባግ (በእጅ እየተጨመቀ አየር በሚሰጠው ከረጢት) አየር ሰጠሁት፣ በ1 ደቂቃ 3 የነበረው በ5 ደቂቃ 8 ሆኖ እየጮኸ እናቱ ደረት ላይ አስተኛሁት።

አኔስቴቲስት ከሰበታ፦
እኔ ደግሞ የአፕጋርን መንገድ ልንገርሽ። እ.ኤ.አ. በ1933 ከኮሎምቢያ ዩኒቨርሲቲ በሕክምና ስትመረቅ ከክፍሏ 4ኛ ወጥታ ሰርጀሪ (ቀዶ ሕክምና) ጀመረች፣ አለቃዋ ዶክተር ዊፕል ግን ሴት ሰርጀን ገበያ አታገኝም ብሎ ወደ አኔስቴዥያ አዞራት። ያኔ ማደንዘዣ በአብዛኛው የነርሶች ሥራ ነበር፣ ሐኪሙ ዞር ብሎ አያየውም። እሷ ማደንዘዣውን ተምራ በ1938 ወደ ኮሎምቢያ ተመልሳ ክፍሉን ስትመራ ቆየች፣ በ1949 ራሱን የቻለ ዲፓርትመንት ሲሆን ኃላፊነቱን ለወንድ ሰጡት፣ ይሄ እስከዛሬ ያናድደኛል፣ ከአስር ዓመት በላይ የለፋችበት ነው እኮ! በዚያው ዓመት ግን ሙሉ ፕሮፌሰር ሆነች፣ በሕክምና ትምህርት ቤቱ የመጀመሪያዋ ሴት። ከቢሮ ጣጣ ስትላቀቅ ማዋለጃ ክፍል ገባች፣ ነጥቡን በ1952 አቀረበችው።
አትዋሹኝ ስላልሽ፣ እሷ ሐኪም ነበረች፣ የእህትሽ ዲግሪ ሌላ ነው፣ ይሄን አትደብቂያት። ግን "መውጋት ብቻ" ላለችው፣ ሰውየው ከተኛ በኋላ የሚተነፍሰው በኛ እጅ ነው፣ እኔ ሞኒተሩን ትቼ ዞር የምልበት ደቂቃ የለኝም።

የቱሉ ዲምቱዋ፦
ተባረኩ! ሁሉንም አነበብኩላት። ዝም ብላ ሰማችኝና ተነስታ የልጄን የክትባት ካርድ ካስቀመጥኩበት ወረቀቱን አወጣች፣ 8 እና 9 ይላል። "አንዷ ነጥብ የት ሄደች?" ብላ ጠይቂልኝ አለችኝ።

ሚድዋይፍ ከኮዬ ፈጬ፦
ብዙ ጊዜ ቀለም ላይ ነው የምትቀረው፣ ገላው ቀልቶ እጅና እግሩ ትንሽ ሰማያዊ ይሆናል፣ ብዙ ጤነኛ ሕፃን እንደዚያ ነው። ሌላም ካላት ራሷ ትጻፍልኝ።