የጨረታ ምንጣፍ፦ የእጅ ሥራ መሆኑን በምን ልለይ?

ጠያቂ፦ እዚህ ቨርጂኒያ፣ ቅዳሜ በሚሸጥ የሟች ቤት ዕቃ ውስጥ አንድ የታብሪዝ (የኢራን ከተማ ናት) ምንጣፍ የተባለ አይቼ ልቤ እዚያው ቀረ። መነሻው 400 ዶላር ነው። ጥጉን ብል በልቶታል።

መልስ፦ ወንድሜ፣ ገልብጠው። ጀርባው ላይ ቋጠሮው ሁሉ አንድ ዓይነት ከሆነ የማሽን ነው፤ የእጅ ትንሽ ይዛነፋል። ዘርፉ ደግሞ እንደ ጋቢ ቁጨት ከራሱ ከድሩ የወጣ መሆን አለበት። (ሲያረጅ የሚቀይሩትም ስላሉ በዘርፉ ብቻ አትፍረድ።)

ሌላ መልስ፦ በ2013 (እ.ኤ.አ.) ኒውዮርክ ሶዝቢስ የተባለው የጨረታ ቤት ላይ አንድ የፋርስ ምንጣፍ ወደ 33.8 ሚሊዮን ዶላር አውጥቷል፤ እሱን እያሰብክ እንዳትገባ! አጫራቹ በዋጋው ላይ የሚጨምረውን ኮሚሽንም አትርሳ። እኔ በ300 አሸንፌ ከነኮሚሽኑና ከነታክሱ 380 ገደማ ከፍያለሁ።

ጠያቂ፦ ገለበጥኩት። ዘርፉ በነጭ ክር የተሰፋ፣ ጀርባው እንደ ደብተር መስመር ቀጥ ያለ። ትቼው በ15 ዶላር የነሐስ መቅረዝ ይዤ ገባሁ።