ፌስቲቫል ያሸነፈው ፊልም የማን ነው?

ናቲ ዘፒያሳ፦
ዘግይቼም ቢሆን ሰሞኑን «ላምብ»ን አየሁ። የያሬድ ዘለቀ ፊልም ነው፤ በፈረንጆቹ 2015 ፈረንሳይ፣ ካን ፌስቲቫል ላይ የታየው፣ ከኢትዮጵያ ለካን ይፋዊ ምርጫ የበቃ የመጀመሪያው። ላላየው ሰው በአጭሩ፦ ኤፍሬም የሚባል ልጅ እናቱ በረሃብ ትሞትበታለች፣ አባቱ ተራራ ላይ ዘመድ ቤት ጥሎት ሥራ ፍለጋ አዲስ አበባ ይሄዳል፣ አጎቱ ደግሞ ልጁ እንደ ነፍሱ የሚወደውን በግ ለመስቀል ካላረድን ይላል። ቀረጻው ድንቅ ነው፣ ክርክር የለኝም። ግን ስጨርስ «ይሄንን ለማን ነው የሠሩት?» አልኩ። ረሃብ አለ፣ ገጠር አለ፣ የሙት ልጅ አለ። ፈረንጅ ድሮም የሚያውቃትን ኢትዮጵያ አሳምረው መልሰው ሰጡት። እና ጥያቄዬ ይሄ ነው፦ ውጭ የሚሸለሙ ፊልሞቻችን የሚያናግሩት እኛን ነው ወይስ ዳኞቹን? በቅርብ ያያችሁትን እየጠቀሳችሁ ተከራከሩኝ። «ደስ ይላል» ብሎ ማለፍ የለም።

ማኅሌት፦
ናቲ፣ ያየኸው ፊልሙን ነው ፖስተሩን? ልጁ እኮ ምግብ ሠሪ ነው። ወደ ቀዬው የሚመለስበትን ገንዘብ ለማጠራቀም ሳምቡሳ ጠብሶ ገበያ ይሸጣል። አጎትየው ወንድ ልጅ ምድጃ ሥር ቁጭ ብሎ ሲያይ ደሙ ይፈላል። ያ ንዴት ለፈረንጅ ዳኛ ምኑ ነው? እሱ የሚያየው ተራራውን ነው። እኔ ግን ታናሽ ወንድሜ ሽንኩርት በከተፈ ቁጥር «ሴታሴት» እየተባለ ያደገበት ቤት ልጅ ነኝ፤ አጎትየው አፉን ሲከፍት የጎረቤታችንን ድምፅ ነው የሰማሁት። ጽዮንስ? ጋዜጣ የምታነብ፣ አላገባም ያለች፣ ቤተሰቡ በሙሉ ዓይኑን የጣለባት ልጅ። ረሃቡ እኮ ፊልሙ ሳይጀመር ያለቀ ነገር ነው፤ አንተ ነህ የሙጥኝ ያልከው።

ሰለሞን፦
እኔ ሰሞኑን ያየሁት ባለቤቴ የምትከታተለውን የቱርክ ድራማ ነው። «ጥቁር ፍቅር» በቃና ከጀመረ ከ2008 ዓ.ም. ወዲህ ሪሞቱ እጄ ገብቶ አያውቅም። ያም ሆኖ ናቲን እደግፋለሁ 😄

ኤዲተሩ፦
ነገሩን ከውስጥ የማየው እኔ ነኝና ትንሽ ላስረዝም። ኤዲቲንግ ላይ ነው የምሠራው፤ ሁለቱንም ዓይነት ፊልም፣ የአገር ቤቱን የፍቅር ኮሜዲም የፌስቲቫሉንም፣ ቆርጫለሁ።

የፍቅር ኮሜዲው እንዲህ ነው የሚሠራው፦ አንድ ቪላ፣ አንድ ካፌ፣ አንድ የተዋሰ መኪና፣ ከዚያ ቶሎ ቶሎ ቀረጻ። ጀርባ ላይ ጀነሬተር ካጓራ «ሙዚቃ ደርብበት» ይሉኛል። ፕሮዲውሰሩ ገንዘቡን የሚያገኘው ከሲኒማ ቤቱ ጋር ከሚካፈለው የመግቢያ ዋጋ ነው፤ ከዚያ የቀረውን ዩቲዩብ ላይ ይለቅመዋል። ስለዚህ ቅዳሜና እሑድ አዳራሽ ካልሞላ አለቀለት።

የፌስቲቫሉ ፊልም ገንዘብ ሌላ ቦታ ነው ያለው። «ላምብ»ም የኃይሌ ገሪማ «ጤዛ»ም የጋራ ፕሮዳክሽን ናቸው፤ የፈረንሳይም የጀርመንም እጅ አለበት። እዚያ ደግሞ ገንዘቡ የሚለቀቀው ገና ስክሪፕቱ ሲነበብ ነው፣ በእንግሊዝኛ ወይ በፈረንሳይኛ። አንድ የምናውቀው ልጅ ስክሪፕቱን ወደ አንድ ፈንድ ልኮ የመጣለት አስተያየት «ባህሉን ለማያውቅ ተመልካች ይብራራ» የሚል ነበር። አብራራው። ውጤቱ ምን ሆነ? እናት ለገዛ ልጇ «ዛሬ ረቡዕ ስለሆነ ሥጋ አንበላም» ትላለች። በየትኛው የኦርቶዶክስ ቤት ነው እናት ለልጇ ይሄን የምትነግረው? እዚያች ዓረፍተ ነገር ላይ ስደርስ መቁረጥ ፈለግኩ፣ ግን የምቆርጠው እኔ አይደለሁም። ናቲ የሚለው ነገር አለ ማለቴ ነው። ብቻ ተራራውና ረሃቡ ላይ አይደለም ያለው፤ እንደዚያች ዓይነት ዓረፍተ ነገር ላይ ነው።

ማኅሌት፦
እሺ ኤዲተር፣ «ላምብ» ውስጥ እንደዚያ ዓይነት ዓረፍተ ነገር አለ? አንድ ጥቀስልኝ።

ኤዲተሩ፦
«ላምብ» ውስጥ አልሰማሁም። ስለዚህ ነው ፊልሙን የምወደው።

ጋሽ ዓለሙ፦
ልጆች፣ እኔ ፒያሳ ሲኒማ ኢትዮጵያና አምባሳደር የህንድ ፊልም ለማየት ስጋፋ ያደግኩ ሰው ነኝ። ሂንዲ የሚሰማ አንድም አልነበረም፤ ሰዉ ግን እያለቀሰ ነበር የሚወጣው። ስለዚህ «ይሄ ለእኛ አልተሠራም» የሚለው ነገር ብዙም አይዋጥልኝ። ቀዝቃዛ ወላፈን የወጣ ጊዜ የነበረውን ግፊያ ግን አልረሳም። ቴዎድሮስ ተሾመ ስለ ኤችአይቪ ፊልም ሠርቶ ወጣቱን አሰለፈው፤ ማንም ካን አልወሰደውም፣ ማንም አልጎደለበትም። የቅድስት ይልማ «ረቡኒ»ም እንዲሁ፤ ሕዝቡ አየው፣ ጉማ ሽልማትንም ወሰደ። እኔ የምለው፣ ትኬት የቆረጠው ሰው ነው ዳኛው። ፈረንጅ ቢጨምርበት ምርቃት ነው።

ዳኒ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ፦
ጋሼ፣ አክብሮቴ እንዳለ ሆኖ ትኬት የቆረጠ ሰው ብቻ ዳኛ ከሆነ ኃይሌ ገሪማ የትም አይደርስም ነበር። «ሳንኮፋ»ን በፈረንጆቹ 1993 ሲያወጣ አሜሪካ ውስጥ የሚያከፋፍልለት አላገኘም። ራሱ አዳራሽ እየተከራየ ከከተማ ከተማ አሳየው። በ2021 ኔትፍሊክስ ላይ ሲወጣ ያ ሁሉ ዓመት አልፎ ነው። ዛሬም ዋሽንግተን ጆርጂያ አቬኑ ላይ፣ ሃዋርድ ዩኒቨርሲቲ ፊት ለፊት፣ በዚያው ስም የመጻሕፍት መደብር አለው፤ የእኛ ሰፈር ሰው ሁሉ ያውቀዋል።

ባለፈው ቅዳሜ «ጤዛ»ን ከአባቴ ጋር ደግሜ አየሁ። በፈረንጆቹ 2008 ቬኒስ ፌስቲቫል ላይ የዳኞች ልዩ ሽልማትና የስክሪፕት ሽልማት፣ በማግሥቱ ዓመት ዋጋዱጉ በሚካሄደው የአፍሪካ ፊልም ፌስቲቫል፣ ፌስፓኮ ላይ ትልቁን ሽልማት ያገኘ። አንበርብር ጀርመን ተምሮ፣ እግሩን አጥቶ፣ ጣና ዳር እናቱ ቤት ይመለሳል፤ መንደሩ ውስጥ ደግሞ ወታደር እንዳያፍሳቸው የሚደበቁ ልጆች አሉ። አባቴ ብዙ አይናገርም። ካድሬዎቹ ስብሰባ ላይ ሲጮሁ ግን አቁመው አለኝ። ተነስቶ ቴሌቪዥኑ አጠገብ ሄደና አንደኛውን ተዋናይ በጣቱ እያሳየ «ልክ እንደዚህ ነበር ጣታቸውን የሚቀስሩት፣ ልክ እንደዚህ» አለ። ከዚያ ስለ መኢሶንና ኢሕአፓ ከእኔ ጋር በሕይወቱ ተናግሮ የማያውቀውን አወራኝ። የቬኒስ ዳኛ ከዚህ ምን እንደተረዳ አላውቅም፣ ግድም የለኝም። ፊልሙ የተሠራው ለአባቴ ነው።

ናቲ ዘፒያሳ፦
ዳኒ፣ «ጤዛ»ን አልነካሁም። ኃይሌ እኮ የማንንም «ይብራራ» የሚሰማ ሰው አይደለም። እኔ የማወራው አዲሱ ልማድ ላይ ነው። «ድፍረት»ን እንይ። አንጀሊና ጆሊ ስሟን አኖረችበት፣ በፈረንጆቹ 2014 የአሜሪካው ሰንዳንስ ፌስቲቫል ላይ የተመልካች ሽልማት፣ በርሊንም እንዲሁ። ታሪኩ የአሥራ አራት ዓመት ልጅ ለጋብቻ ተጠልፋ ጠላፊዋን የገደለችበት እውነተኛ ታሪክ ነው። አዲስ አበባ ላይ ሊመረቅ ሲል ግን በፍርድ ቤት እግድ ቆመ፤ ታሪኩ የእኔ ነው ያለች ሴት ከስሳ ነበርና። ሰንዳንስ አጨበጨበ፣ በርሊን አጨበጨበ፣ ባለታሪኳ ፍርድ ቤት ነበረች። ቅደም ተከተሉን ተመልከቱት።

ማኅሌት፦
ይሄኛው ላይ አልከራከርህም፤ ከባለታሪኳ ጋር መጀመሪያ መነጋገር ግድ ነበር። ግን ጥፋቱ የፌስቲቫል ነው? ያው ነገር በፍቅር ኮሜዲም፣ በቴሌቪዥን ድራማም ይሆናል። ደግሞ ጠለፋን እኛ ራሳችን «ባህል ነው» ብለን ስናልፍ የኖርን ሰዎች «ለፈረንጅ ገመናችንን አወጡ» ለማለት መፍጠናችን ያስገርመኛል። ስንቱ ነው ፊልሙን ሳያይ የተቆጣው!

ገነት፣ ነታንያ፦
ሰላም ለሁላችሁ። ከወደ እስራኤል ልጨምር። «ፊግ ትሪ»ን ያያችሁ አላችሁ? የፈረንጆቹ 2018 ፊልም ነው፣ ዳይሬክተሯ አለምወርቅ ዴቪድያን የእኛው ቤተ እስራኤል ናት። ደርግ ሊወድቅ አካባቢ፣ በ1989 በፈረንጆቹ፣ አዲስ አበባ። ሚና የምትባል አይሁዳዊት ልጅ ቤተሰቧ ወደ እስራኤል ሊሄድ ነው፤ የምትወደው ኤሊ ክርስቲያን ነው፣ አፈሳ ፈርቶ ዛፍ ላይ ይደበቃል። ፊልሙ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ በአማርኛ ነው ማለት ይቻላል። ቶሮንቶ ላይ ተሸልሟል፣ እዚህም አገር ውስጥ ለቀረጻው ኦፊር የሚባለውን የእስራኤል የፊልም ሽልማት አግኝቷል።

አሁን ደግሞ ሌላውን እዩት። በ2019 ኔትፍሊክስ ላይ ሞሳድ በሱዳን በኩል የእኛን ሰው ስላወጣበት ታሪክ አንድ ትልቅ ፊልም ወጣ። የተቀረጸው ናሚቢያና ደቡብ አፍሪካ ነው። ፈረንጆቹ ቁምጣ ለብሰው ይዋኛሉ፣ ይቀልዳሉ፣ ያድናሉ፤ እኛ ከበስተጀርባ በእግር እንሄዳለን። እናቴ ያን መንገድ በእግሯ የሄደች ሰው ናት። አሥር ደቂቃ አይታ ቡና ልታፈላ ተነሳች። «ፊግ ትሪ»ን ግን እስከ መጨረሻው ተቀምጣ አየች፤ ጎረቤት ለጎረቤት ድምፅ ዝቅ አድርጎ ሲነጋገር ሰብታይትሉ ሳይመጣ እሷ ቀድማ ትመልስ ነበር። ናቲ፣ የፈረንጅ ዓይን የሚባለውን ማየት ከፈለግክ ያኛውን እየው። «ላምብ»ን ከዚያ ጋር አንድ ላይ መቁጠር ግፍ ነው።

ሰለሞን፦
እናትሽ ጥሩ ሐያሲ ናቸው። ቡና ማፍላት ከአምስት ኮከብ ይበልጣል።

ጋሽ ዓለሙ፦
ገነት ልጄ፣ እናትሽን ሰላም በይልኝ። «ቁራኛዬ»ን አሳይተሻቸዋል? የሞገስ ታፈሰ ነው። የድሮው ዳኝነት፤ ከሳሽና ተከሳሽ ተቆራኝተው ችሎት ፍለጋ አገር የሚያቋርጡበት። አንዱ የቅኔ ተማሪ፣ ሌላው ሚስቴን ነጠቀኝ ባይ ባል። እዚያ ውስጥ ያለውን የዳኝነት ሙግትና ቅኔ ማን ፈረንጅ ይገባዋል? ሰምና ወርቁን ሰብታይትል አይሸከመውም። ያም ሆኖ ውጭ ወጥቶ ታይቷል። ለእኔ መልሱ እዚያ ነው፤ ለራስህ ሥራ፣ ከፈለጉ ይምጡ።

ፈቲያ፣ ሐረር፦
እስካሁን ሳነብ ነበር። «እኛ» የምትሉት ማንን ነው? ጋሽ ዓለሙ ቅኔ ይላሉ፣ ናቲ ረቡዕ ጾም ሲባል ይስማማል። እሺ። እኔ ቤት ረቡዕ ሥጋ ይበላል። የጄሲካ በሺርን «ፋያ ዳዪ» ያየ አለ? በ2021 ሰንዳንስ የታየ፣ ለኦስካር የዶክመንተሪ አጭር ዝርዝር የገባ። ጥቁርና ነጭ ነው፤ ሐረር፣ ጫት፣ ብዙው በኦሮምኛ። ዳይሬክተሯ እዚህ አድጋ በልጅነቷ የወጣች ናት፣ እየተመላለሰች አሥር ዓመት ነው የቀረጸችው። ጫቱ በሌሊት ሲለቀም፣ ቅጠሉ ሲመረጥ፣ ታስሮ ሲጫን ታዩታላችሁ፤ ለመኪናው ካልደረሰ ስለሚጠወልግ ሰዉ ሁሉ ይሮጣል። ማንም ቆሞ አያብራራም። አባቱ ጫት ላይ የቀረበት ልጅ አለ፣ ባሕር ተሻግሮ ስለመሄድ የሚያስብ። የእኔ ሰፈር ልጆች ናቸው። አዲስ አበባ ያሉ ጓደኞቼ ግን «ዘገምተኛ ነው፣ ለፌስቲቫል ነው» ብለው ግማሹ ላይ ዘጉት። ስለዚህ አንዳንዴ «ለፈረንጅ ነው» ማለት «ስለ እኔ አይደለም» ማለት ይሆናል።

ናቲ ዘፒያሳ፦
ፈቲያ፣ ይሄ ጥሩ ምት ነው፤ ግን ክርክሬን አይጥለውም። አንቺ ራስሽ «ማንም ቆሞ አያብራራም» ነው ያልሽው፤ እኔም የምፈልገው እሱን ነው። በየትኛውም ቋንቋ ይሁን፣ ዳኛው ቀድሞ በጭንቅላቱ የሳላትን ኢትዮጵያ የሚያረጋግጥ ፊልም ቀሎ ገንዘብ እንደሚያገኝ ኤዲተሩ ነግሮናል። ድሬዳዋ ውስጥ ስለሚኖር የባንክ ሠራተኛ ስክሪፕት ይዘህ ሂድ እስቲ፣ ማን ይሰጥሃል?

ኤዲተሩ፦
እዚያ ያለው አይሰጥህም። እዚህ ያለውም አይሰጥህም፤ «ሚስቱ ታስቃለች ወይ?» ነው የሚልህ። ስለዚህ ሁለቱም በር ላይ ዘበኛ አለ። ልዩነቱ የውጪው በጽሑፍ ይመልስልሃል።

ደግሞ አንድ ነገር። ሲኒማ ቤት ያለው ጓደኛዬ እንዲህ ዓይነቱን ፊልም አላሳይም አይልም፤ ማክሰኞ ከሰዓት ይሰጥሃል። ማክሰኞ ከሰዓት ስምንት ሰው ይገባል፣ ረቡዕ ይወርዳል፣ ከዚያ «ሕዝቡ አልወደደውም» ይባላል። እዚህ የተከራከራችሁት ብቻ ብትመጡ አዳራሹ ሌላ ሳምንት ያቆየዋል። ናቲ፣ አንተ «ላምብ»ን የት ነው ያየኸው?

ናቲ ዘፒያሳ፦
ስልኬ ላይ። ቴሌግራም።

ማኅሌት፦
ተራራውን በስልክ! እንግዲህ ይሄ ሰውዬ ነው የካን ዳኛ ላይ የሚፈርደው።